ልጄን በሁለት ስም የጠራንባት ቀን

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። ልጄ ሁለት ስም አላት። ሁለቱንም እዚህ አልጽፋቸውም። አጎቷ ያወጣውን ልጽፍ ብል እጄ እሺ አይለኝም፤ እኔ ያወጣሁትን ብጽፍ ደግሞ እሷ አንብባ ትስቅብኛለች። ስለዚህ አንዱን «የሱ ስም» ሌላውን «የኔ ስም» እያልኩ እቀጥላለሁ። የክርስትና ስሟን ቄሱ ናቸው ያወጡት፤ በሱ ከማንም ጋር ጠብ የለኝም።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። እኔ አናጺ ነኝ። ደርግ በገባ ሰሞን፣ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ሳለች፣ ቀበሌያችን አናጺዎችን ለቅሞ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ መጋዘን እንድንሠራ ላከን። ሁለት ወር ብለውን አምስት ወር ቆየን። ማታ ማታ ድንኳን ውስጥ ጋደም ብዬ፣ ሴት ከሆነች ብዬ ስም አወጣሁ። ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ቆርቆሮ የሚያመላልስ ሾፌር «ሴት ልጅ ወልደሃል» የሚል ወሬ ይዞልኝ መጣ። እኔም ደስ ብሎኝ ስሙን በሱ አፍ ላክሁ። ሾፌሩ መኪናው ተበላሽቶበት መንገድ ላይ ሰነበተ። እኛ ሰፈር፣ ጉለሌ፣ ሲደርስ ልጄ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ፣ ክርስትና ተነስታ፣ ድግሱም ተበልቶ አልቋል። ድግሱ ላይ «ማን እንበላት?» ሲባል አባት የለም። የእናቷ ወንድም ብድግ አለና አወጣላት። እልል ተባለ። በቃ።

እኔ ስመለስ ልጅቷ አንገቷን ያጸናች ልጅ ሆናለች። ላቅፋት ስል ጮኸች። ያን ጊዜ አጎቷ ከጓሮ ሮጦ መጣና ባወጣላት ስም ጠራት። ዝም አለች። እኔ ቆሜ፣ ሻንጣዬን እንኳ ከትከሻዬ ሳላወርድ፣ ሌላ ሰው ልጄን ዝም ሲያሰኛት አየሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር እዚህ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። ቅናት ነው። ሌላ ስም አልፈልግለትም።

ባለቤቴ «ምን አድርጊ ትለኛለህ? መልእክትህ ሲደርሰኝ እኮ ሁሉም አልፎ ነበር» አለች። እውነቷን ነው። እኔ ግን «በላክሁት ስም ነው የምጠራት» አልኩ፤ ስድስት ዓመት ሙሉም ጠራኋት። በሰፈሩ በዚያ ስም የሚጠራት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንዲት አዲስ የመጣች ጎረቤት ሁለት ሴት ልጆች ያሉኝ መስሏት ለእንቁጣጣሽ ሁለት የፀጉር ሪባን ይዛ መጥታለች። ሪባኖቹን ሁለቱንም ተቀበልኳት።

ከሁሉ የባሰው ሌላ ነው። እኛ ሰፈር ልጅ የወለደ ሰው የራሱ ስም ያበቃለታል። «የእገሊት አባት» ነው የሚባለው። እኔንም እንዲያው ይሉኛል፤ በየቱ ስም? በሱ ስም! ወንድምየው ባወጣው ስም እየተጠራሁ፣ «አቤት» እያልኩ ስኖር አስቡት።

ወንድምየው እንግዲህ ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ክፉ አይደለም። ጓሮ ያለችው ክፍላችን ውስጥ ይኖራል፤ ላይ ጋራው ሥር ያለው ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ይሠራል። እንደ ወፍ ያፏጫል። ልጅቷን ትከሻው ላይ አድርጎ ጫካውን ያዞራታል። እኔን «ጋሼ» ነው የሚለኝ፤ ስናገረው አንገቱን ይደፋል። አንገቱን ሲደፋ ደግሞ ይብስብኛል።

ልጅቷ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ ጳጉሜ ውስጥ ነው፣ ቀበሌው ለአብዮት በዓል ሲዘጋጅ ለሕፃናትም የሆነ ነገር ይደረግ ተባለ። ወንድምየው ስብሰባ ላይ ተነሳና «ከላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ የሕፃናት መሄጃ መንገድ እናውጣላቸው። በመንገዱ ላይ የሚዘሉት፣ የሚሻገሩት፣ የሚለቅሙት ነገር ይኑር። ቤተሰብ ከልጁ ጋር ይሂድ» አለ። ተጨበጨበለት። እንጨቱን ማን ይሥራ ሲባል ወደኔ ዞሩ። አራት ቀን ሙሉ መጋዝና መጥረቢያ ተሸክሜ ዳገቱን ወጣሁ። መንገዱን በሚያቋርጠው ገደል ላይ ግንድ አጋድሜ፣ ላዩን በመጥረቢያ አስተካክዬ፣ መደገፊያ መታሁለት። ዥዋዥዌም ሠራሁ። ወንድምየው ምን አደረገ? መንገዱን እንዲያሳይ ዛፎቹ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሲያመሰግን የሱን ስም ከነአባቱ ጠራ። እኔን «ጓድ አናጺውም» ብሎ አለፈኝ።

ቅዳሜ ማታ እራት ላይ ባለቤቴ አነሳችው።

«ሰኞ ትምህርት ቤት ትመዘገባለች። ምን ብለህ ልታስመዘግባት ነው?»

«በስሟ።»

«በየቱ ስሟ?»

«አባቷ ባወጣው ነዋ!»

«ሰፈሩ የማያውቀውን ስም? መምህሯ ሲጠራት አቤት የሚል ሲጠፋ ቀሪ ተብላ ልትመታ ነው?»

ወንድምየው እንጀራውን እያየ «ጋሼ እንዳሉት ይሁን እቱ፣ እኔ ምን ቸገረኝ» አለ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አልኩት።

ባለቤቴ እጇን ከመሶቡ ላይ አነሳች። «ስሙኝ ሁለታችሁም። ነገ ጫካው ማለቂያ ላይ የልጆቹን ስም እየጠየቁ ካርድ ይሰጣሉ ተብሏል። ልጅቷ በራሷ አፍ ያለችው ስም፣ ሰኞ እሱ ይመዘገባል። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት የስም ነገር የሚያነሳብኝ ሰው እራቱን ሌላ ቤት ይፈልግ።»

እሺ አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ውሸት ነው፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ከሁሉ ቀድሜ ተነስቼ ሱቅ ሄድኩና አንድ እፍኝ ከረሜላ ገዛሁ።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ነው፤ ሙስሊም ነው፤ ሦስት ልጆቹን ይዞ እሱም ሊወጣ ነበር። ወፍራም ሰው ነው። ከረሜላውን እያሰረልኝ «የእገሊት አባት፣ ያ የሠራኸው ግንድ ይሸከመን ይሆን?» አለኝ።

«አንተ ካልወጣህበት ይሸከማል።»

«እኔስ ብወጣ?»

«አንተ ከወጣህ ከሥር ሌላ ግንድ አጋድማለሁ።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ በየቱ ስም እንደጠራኝ ነበር የማስበው።

ዳገቱን ስንወጣ ዝናቡ ገና አልለቀቀም ነበር፤ መሬቱ ጭቃ ነው፣ ቅጠሉ ይንጠባጠባል። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ሻይ በፔርሙዝ ይዛለች። ወንድምየው ከወጣቶች ማኅበር ልጆች ጋር ቀድሞ ወጥቷል። እኔም ዕድሌ ነው ብዬ ልጄን በእጄ ያዝኳት። አንድ ከረሜላ ሰጠኋት።

«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ለማን ነው የምናገረው?»

«እንዴት ለማን?»

«ላንተ ከሆነ ያንተን ነው የምለው። ለእማዬ ከሆነ የአጎቴን።»

«ካርድ ለምትጽፈው ሴትዮስ?»

ከረሜላውን ከአንዱ ጉንጯ ወደ ሌላው አዛወረችው። «ሴትዮዋ ምን ብላ ነው የምታውቀኝ?»

«ምንም ብላ አታውቅሽም።»

«እንግዲያው ሳያት እነግርሃለሁ» አለች። ሁለተኛ ከረሜላ ሰጠኋት። ወሰደች። ቃል ግን አልሰጠችም። በዚህ በኩል እኔኑ ነው የወጣችው።

የመጀመሪያው ሥራ አምስት ዓይነት ቅጠል መልቀም ነው። እዚህ ላይ ተዋረድኩ። እኔ እንጨት የማውቀው ከተቆረጠ በኋላ ነው። ጣውላውን ስጡኝ፣ አሽትቼ ዓይነቱን እነግራችኋለሁ። ቅጠሉን ግን ማን ያየዋል? አንዱን ቅርንጫፍ ይዛ መጣችና «ይሄ ምንድን ነው?» ስትለኝ «ጽድ ነው» አልኳት በኩራት።

«የፈረንጅ ጽድ ነው። የኛው ጽድ ሌላ ነው፤ አጎቴ አሳይቶኛል።»

«አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም አባዬ። አሽትተው እስቲ።»

አሸተትኩት። አንድ አይደለም። ቅጠሉን ዘንቢሏ ውስጥ ከተትኩላት።

ቀጥሎ ገደሉ ላይ ያጋደምኩት ግንድ መጣ። እዚህስ የኔ ነው አልኩ በልቤ። ልጆቹ ተራ በተራ መደገፊያውን ይዘው ይሻገራሉ፤ ባለሱቁ ከዳር ቆሞ «ቢስሚላሂ በሉ!» እያለ ልጆቹን ይልካል። የኔዋ ሳትፈራ ተሻገረች። ደግሞ ተመልሳ ተሻገረች። እኔ ማዶ ጠበቅኋትና «ይሄን ማን የሠራው ይመስልሻል?» አልኳት።

«አንተ።»

«በምን አወቅሽ?» ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«አጎቴ ነገረኝ። ‹የአባትሽን እጅ ያህል የሚታመን እጅ የለም፣ እሱ የሠራው ላይ ሳትፈሪ ሂጂ› አለኝ።»

አያችሁ? እሱንም ቀድሞኝ ነግሯታል። ሰው ሲያመሰግነኝ እንኳ የሚያመሰግነኝ እሱ ሆነ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሰምቶ ልቡ ይራራል። የኔ ልብ ጭራሽ ተቋጠረ። ሊቀድመኝ ያልቻለው አንድ ነገር እንኳ ይኑር እንጂ!

ከማለቂያው በፊት ያለው ጨዋታ የዓይን ማሰር ነው። ሜዳ የመሰለ ቦታ አለ፤ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሁለት ቀጫጭን ዛፎች። የልጁን ዓይን በሻሽ ያስሩታል፤ ቤተሰቡ ማዶ ቆሞ ስሙን ይጠራዋል፤ ልጁ ድምፁን ተከትሎ ይሄዳል። ፊሽካ የያዘችው የወጣቶች ማኅበር ልጅ «ለአንድ ልጅ አንድ ጠሪ ነው ጓዶች!» ትላለች። የኔ ልጅ ተራ ሲደርስ ወንድምየው ከግራ፣ እኔ ከቀኝ ቆመናል። ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ማንኛችሁ ናችሁ?» አለች ባለፊሽካዋ።

«እኔ አባቷ ነኝ» አልኩ።

ወንድምየው ሊወጣ ሲል፣ እልህ ያዘኝና «ቁም!» አልኩት። «ቁምና አንተም ጥራት። ባወጣህላት ስም ጥራት። እኔም በኔ እጠራታለሁ። ወደማን እንደምትመጣ እንይ።»

«ጋሼ፣ ይቅርብን እባክዎ።»

«ፈራህ?»

ባለቤቴ ከኋላ «ኧረ በማርያም!» ስትል ሰማኋት። ፊሽካው ግን ተነፋ።

እኔ በኔ ስም ጠራሁ። እሱ በሱ ስም ጠራ፤ ቀስ ብሎ፣ እንዳፈረ ሰው። እኔ ጉሮሮዬ እስኪነቃ ነው የጮህኩት። ልጄ እጆቿን ወደፊት ዘርግታ ቆመች። ጆሮዋን አዘነበለች። ከዚያ ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄደች። ደግሞ ሁለት። ወደሱ ነው። የማውቀው እግሯ፣ እኔ የገዛሁላት የፕላስቲክ ጫማ፣ ጭቃውን እየረገጠ ወደሱ ይሄዳል። ድፍን ሰፈር ያያል። ሦስተኛ፣ አራተኛ እርምጃ።

እንዴት እንደወጣኝ አላውቅም። በሱ ስም ጠራኋት።

ስድስት ዓመት በአፌ ያልዞረ ስም ነው። ድምፄ ለራሴ ባዕድ ሆነብኝ። ወንድምየው መጥራቱን ተወ። ልጄ እንደ ግንድ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ከዚያ ዓይኗ እንደታሰረ ወደኔ ዞረች።

«አባዬ?» አለች። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ነው ወይስ ግራ መጋባት፣ ዛሬም አልለየሁትም። «አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሮጠች። በእኔና በሷ መሐል ቀጭኑ ባሕር ዛፍ እንዳለ እኔ አይቻለሁ፤ እሷ አላየችም። «ቁሚ» ለማለት አፌ እስኪከፈት ግንባሯ ከዛፉ ጋር ተላተመ።

የደረስነው እኩል ነው። «ተዋት!» ብዬ ወንድምየውን በክርኔ ገፋሁት። ሻሹን ፈታሁላት። እኔን አየች፣ እሱን አየች፣ ከሁለታችንም እጅ አምልጣ ወደ እናቷ ሮጠች። ባለቤቴ የነጠላዋን ጫፍ ውኃ ነክራ እብጠቱ ላይ ያዘችላትና እኛን ቀና ብላ አየችን።

«ደስ አላችሁ?» አለች። ባለሱቁ እንኳ ያን ጊዜ አልቀለደም።

ማለቂያው ላይ ካርድ የምትጽፈው የሴቶች ማኅበር ሴትዮ ጠረጴዛ ይዛ ተቀምጣለች። ልጄ አፍንጫዋን እየሳበች፣ ግንባሯ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዛ ፊቷ ቆመች። እኛ ከኋላ ቆምን።

«ስምሽ ማን ነው የኔ እናት?»

ዞራ እኔን አየችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ወደ ሴትዮዋ ተመለሰችና የሱን ስም ተናገረች። ጮክ ብላ።

አለቀ አልኩ። ስድስት ዓመት የያዝኩት ነገር በአንድ ቃል አለቀ።

ሴትዮዋ ጻፈችና «የአባትሽስ ስም?» አለች።

«አባዬ።»

ሰዉ ሳቀ። «አባዬማ የሁሉም አባት ነው። ሌላ ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራው?»

ልጄ አሰበች። ከዚያ «የእገሊት አባት» አለች፤ በእገሊት ቦታ የራሷን ስም፣ የሱን ስም፣ ከትታ። አሁንማ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ተጎነበሰ። ልጅቷ ምን ታድርግ? እናቷ «አንተ» ትለኛለች፣ አጎቷ «ጋሼ» ይለኛል፣ ሰፈሩ በልጄ ይጠራኛል። ስሜን ሰምታው አታውቅም።

ወንድምየው ሊነግራት አፉን ከፈተ። ከዚያ እኔን አየኝና ዘጋው። መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ለኔ ተወልኝ ማለት ነው። ይሄንንም እሱ ሰጠኝ ብዬ አንጀቴ አረረ፤ ግን ተቀበልኩ። ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብዬ በጆሮዋ ስሜን ነገርኳት።

ራቅ ብላ አየችኝ። «አንተም ስም አለህ እንዴ?»

«አለኝ።»

«ያንተንስ ማን አወጣው?»

«አባቴ።»

አንድ ጊዜ በከንፈሯ ብቻ ለመደችው። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞራ ሁለቱን አከታትላ ተናገረች፤ መጀመሪያ የሱን ስም፣ ከጀርባው በጆሮዋ የነገርኳትን። ሴትዮዋ ጻፈችና ካርዱን በክር አንገቷ ላይ አጠለቀችላት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቶሎ አላነብም። ጎንበስ ብዬ አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ አነበብኩት። ከሱ ቀጥሎ እኔ አለሁ። ስጣላ የኖርኩት በፊተኛው ነው፤ ኋለኛውን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር።

ቅናቱ ያን ጊዜ ለቀቀኝ ብዬ አልዋሽም። ስንወርድ ልጄ ትከሻው ላይ ወጥታ እየሳቀች ነበር የምትወርደው፤ እኔ ባዶውን ፔርሙዝ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። እያንዳንዱን እርምጃ ቆጥሬአለሁ።

ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት የወሰድኳት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ልብስ እያጠበች ነበር፤ ወንድምየው ሥራ ገብቷል። ከልጄና ከኔ በቀር ማንም የለም። መዝጋቢው ሰውዬ ቀና ሳይል «የልጅቷ ስም?» አለ።

የኔ ስም፣ ድንኳን ውስጥ ያወጣሁላት፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ብናገረው ይጻፋል። ከተጻፈ ደግሞ ማን ይፍቀዋል? ባለቤቴ ትቆጣለች፣ ትጮኻለች፣ ይበርዳል። እኔ ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። ዝቅ ብዬ ሳይ ልጄ ከሥሬ ቆማ አፌን ነው የምታየው። ግንባሯ ላይ ያለው እብጠት ወደ ሰማያዊ ዞሯል። ትጠብቃለች።

«ወንድም፣ ስም!» አለ ሰውዬው።

የሱን ስም ነገርኩት። ቀጥዬ የራሴን። ጻፈ።

ከበሩ ወጥተን ወደ አዲሱ ገበያ ስንወርድ እሷ ፊት ፊት እየዘለለች ቀደመችኝ። መኪና ይበዛል ያ መንገድ። በኔ ስም ጠራኋት።

«አቤት አባዬ» አለች፣ ዞራም ሳታይ፣ እንደለመደችው።

ያንን የሱን ስም ጫካው ውስጥ አንዴ፣ መዝጋቢው ፊት አንዴ ብዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ጊዜ አልጠራሁትም።